ቅጥያ

ሁለት ሳምንት ብዬ ነበር የመጣሁት፤
አንድ ሻንጣ፥ አንድ ልጅ ይዤ የገባሁት።
ክረምት ነበር ያኔ፤ የጦሳ ጉም ወርዶ
ደሴን አልብሷታል፥ ቆርቆሮው ተጋርዶ።
ሁለት ሳምንት አልፎ ስድስት ወር ሲሞላ
በወንድሜ ቤት ውስጥ አልቆጠረም ሌላ።
እኔ ግን ቆጠርኩኝ፥ ቆሜ ከማድቤቱ፣
የሷ ድስት እስኪወርድ፥ እስኪያልፍ ሰዓቱ፤
የሷ ወጥ እስኪበስል፥ ውሃዋ እስኪፈላ፣
ልጄ ደፍ ላይ ቆሞ፦ "እማ፥ መቼ ልብላ?"

ረውዳ ናት ያለችው፥ የወንድሜ ሚስት፣
ሽንኩርት ስትከትፍ፥ እያየች ወደ ድስት፦
"ሲሊንደሩ አንድ ይሁን፥ ቱቦው ይቀጠል፤
ላንቺም ባለ ሁለት ዓይን ምድጃ ይተከል።"

ዝም አልኩ።
"ይኑርሽ" ነው ያለችኝ፥ ወይስ "ከኔ ራቂ"?
ሌሊቱን ቃሏን ሳገላብጥ አደርኩ፥ እንደ ቂጣ፤
አንዱ ጎን እያረረ፥ ሌላው ጥሬ ወጣ።

ቅዳሜ ጋሽ ሙሄ ከኮምቦልቻ መጡ፣
ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፥ እንፋሎት ክፍል ውስጥ
ሃያ ስድስት ዓመት ቧንቧ ያደመጡ።
ጆሯቸው ደክሟል፤ በጣት ነው የሚሰሙ፤
ግድግዳው ላይ ያለውን ቱቦ ዳሰሱና ቆሙ።
"ማነው ይሄን የሠራው?"
"ወንድሜ።"
"ሥራው ምንድነው?"
"የሒሳብ መምህር።"
"ሒሳቡን ያስተምር።"

የድሮውን ጎማ ቆርጠው ወረወሩት፤
"ይሄ አርጅቷል፤ ጎማን ዕድሜ ልክ አትመኑት።
መስኮት ይከፈት፥ ከታችም ይኑር ቀዳዳ፤
ጋዝ እንደ ጭስ አይደል፥ ሽቅብ አይወጣም፤
ወለል ለወለል ነው፥ እንደ ፈሪ እንግዳ።"
እኔን አላዩኝም። እኔ ግን አየሁኝ፣
ወለል ለወለል ስድስት ወር የቆየሁኝ።

የነሐሱን ቲ ጥርሱን በነጭ ቴፕ ጠምጥመው
አስገቡት፤ ካንድ መንገድ ሁለት። በመፍቻ አጥብቀው
ገና ሳይጨርሱ ክብሪት አነሳሁና "ልሞክረው?" አልኩኝ፤
እጄን መታ አርገው ከለከሉኝ።
"የሚያፈስ ጋዝ በክብሪት አይፈለግም፥ ልጄ። ኦሞ አምጪ።"

ረውዳ በጣሳ አረፋ በጥብጣ መጣች።
መጋጠሚያውን ቀባነው፥ እኔም እሷም።
ቆየን።
አንዲት አረፋ፥ የምስር ፍሬ የምታህል፥
አበጠች። ፈነዳች። ሌላ አበጠች።
"ይተነፍሳል" አሉ።
ሦስታችንም ጎንበስ ብለን ያን ትንሽ ትንፋሽ አየነው።
ያኔ ነው፥ ለምን እንደሆነ እንጃ፥
"ልታርቂኝ ነው?" ያልኳት።
ጋሽ ሙሄ አልሰሙም፤ ወይም በጆሯቸው አመካኙ።
እሷ ኦሞ በነካ እጇ ግንባሯን ጠርጋ፦
"ቆመሽ ስትጠብቂ ማየት ነው ያቃተኝ፤
የጎረስኩት አልወርድ አለኝ" አለች።
መፍቻው ሩብ ዙር ዞረ።
አረፋው ዝም አለ።

የሷን ለኮሱ፤ ሰማያዊ። ቀጥለው የኔን ለኮሱ፤
የሷ እሳት ጎንበስ አለ፥ ለገባ ሰው "ኖር" ብለው እንደሚነሱ።
"ግፊቱ ደክሟል" አሉና ሬጉላተሩን ቀይረው
ሁለቱም ቀና አሉ፥ እኩል ተካክለው።
እኔ ግን ያቺን ጎንበስ ማለት ነው
ለራሴ ያስቀረሁት።

በመጀመሪያው እሳት ለልጄ እንቁላል ጠበስኩ፤
ጨው በዝቶበታል። በላው።
ወንድሜ የጋዙን ወጪ ለሁለት ቤት አካፍሎ፣
ከነምሳሌው፥ በወረቀት ግድግዳ ላይ ለጠፈ።
ረውዳ ጎመን ጠቀለለችበት።

ማታ መብራት ጠፍቶ፥ የጥር ብርድ አጥንት ሲገባ፣
ጋሽ ሙሄ እንዳዘዙት ቫልቩን ልዘጋ ወጣሁ።
በጨለማ እጄን ስሰድ ያገኘሁት ብረት አይደለም፤
ሽንኩርት ሽንኩርት የሚሸት እጅ ነው።
"ዘግቼዋለሁ" አለች።
"እሺ" አልኩ።
እጃችንን ግን አላነሳንም፤
አንድ ጊዜ፥ ለማንኛውም፥
ደግመን አጠበቅነው።